ቡጢ የሚችል አገጭ፦ ከካርኔራ እስከ ሙሐመድ ዐሊ

 

እዚህ ኩርሙክ ኔትወርክ ጥሩ በሆነ ምሽት ወጣቶቻችን አንድ ስልክ ከበው የድሮ የቦክስ ግጥሚያ ሲያዩ ማግኘት የተለመደ ነው። ክርክሩም የተለመደ ነው። «ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች ሁሉ ቡጢ የሚችለው ማን ነው?» አንዱ ሙሐመድ ዐሊ ይላል፤ ሌላው «ፎርማን ነው እንጂ» ይላል፤ ታናናሾቹ ደግሞ ታይሰን ፉሪን ይጠራሉ። በ2018 ዋይልደር 12ኛው ዙር ላይ ጥሎት፣ ሁሉም አለቀለት ሲል እንዴት እንደተነሳ ደጋግመው ያሳያሉ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ቪዲዮው ደወል ሲደወል ያበቃል፣ ክርክሩም አብሮት ያበቃል። ቡጢውን የቻለው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ የሚለውን የሚጠይቅ የለም። ዛሬ በአላህ ፈቃድ ታሪኩን ከአገራችን ጋር ከተነካካበት ቦታ ጀምረን እናያለን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጁን 25፣ 1935። ቦታው ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። ከ60 ሺህ ያላነሰ ህዝብ ታድሟል፤ ብጥብጥ ይነሳል ተብሎ ስለተሰጋ ፖሊስ በብዛት ተሰማርቷል። በአንድ በኩል የቆመው ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ 118 ኪሎ። በሌላ በኩል የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ፤ 89 ኪሎ። ለሁለት ቦክሰኞች ያን ያህል ፖሊስ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ኢትዮጵያ ናት።

በዲሴምበር 1934 የወልወል ግጭት ከተነሳ ወዲህ ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ እያጋዘ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ይህን በጋዜጦቻቸው በየቀኑ ያነባሉ። ካርኔራ ደግሞ ተራ ጣሊያናዊ አልነበረም። በ1933 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ፋሺስቶቹ የ«አዲሲቱ ጣሊያን» ጡንቻ አድርገው አቆሙት፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሮም ውስጥ ሙሶሎኒ ራሱ እየተመለከተ ተጋጠመ። ስለዚህ የሃርለም ሰው ያን ምሽት ያየው ሁለት ቦክሰኛ ሳይሆን ኢትዮጵያና ጣሊያንን ነው።

ሉዊስ በ6ኛው ዙር ካርኔራን ሦስት ጊዜ ጣለው። ዳኛው አርተር ዶኖቫን ግጥሚያውን አስቆመ። ሃርለም በደስታ ጎዳና ወጣች። ከመቶ ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 3፣ 1935፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። የሪንጉ ድል ታንክ አላስቆመም። ለእኛ ለኩርሙክ ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በጁላይ 1940 ያው ጦር በሱዳን በኩል ያለውን ኩርሙክ ያዘ፣ በፌብሩዋሪ 1941 የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች አስለቀቁት፣ በማርች ደግሞ ከቤልጂየም ኮንጎ የዘመተው ጦር አሶሳን ከጣሊያን ወሰደ። የኮንጎን ስም ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቡጢው እንግባ። ስለ ካርኔራ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ፌዝ ነው፦ ግዙፍ ግን ደካማ፣ ገና ሲነኩት የሚወድቅ። ብዙ ግጥሚያዎቹን ወንበዴዎች አስቀድመው በገንዘብ ያስጨረሱለት እንደነበር በሰፊው ይታመናል፤ እዚህ ላይ አንከራከርም። ነገር ግን ፋሺስቶች የተጠቀሙበት ሰው ስለሆነ ብቻ እውነቱን ልንነፍገው አይገባም። ከሉዊስ አንድ ዓመት በፊት፣ ጁን 14፣ 1934፣ ማክስ ቤር የሚባል አስፈሪ ቀኝ እጅ ያለው አሜሪካዊ ገጠመው። ካርኔራ በዚያ ምሽት አስራ አንድ ጊዜ ያህል ወደቀ። አስራ አንድ ጊዜም ተነሳ። በ11ኛው ዙር ዳኛው ሲያስቆመው በእግሩ ቆሞ ነበር። ይህ ሰው ቡጢ ይችላል ወይስ አይችልም? «አይችልም» የሚል ካለ አወዳደቁን ቆጥሮ ነው፤ «ይችላል» የሚል ካለ አነሳሱን ቆጥሮ ነው። የእኛ ወጣቶች ክርክር የማያልቀው በዚህ ምክንያት ይመስለናል። አለመውደቅና መነሳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ እኛ ግን ሁለቱንም «መቻል» እንላቸዋለን።

ሦስተኛም አለ፤ እሱ በዓይን አይታይም። ኤርኒ ሻፍ የሚባል የ24 ዓመት ቦክሰኛ ነበር። ኦገስት 31፣ 1932 ከዚያው ከማክስ ቤር ጋር ተጋጥሞ መጨረሻው ዙር ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ እስኪነቃም ደቂቃዎች ወሰደ። ነቃ፣ ቤቱ ገባ፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሪንግ ላይ ወጣ። ያየው ሁሉ «ቻለው» አለ። ፌብሩዋሪ 10፣ 1933 ከካርኔራ ጋር ተጋጠመ። በ13ኛው ዙር ቀላል በምትመስል የግራ ቡጢ ወደቀ። ተመልካቹ «አጭበርባሪ! ተነስ!» እያለ ጮኸበት። ሻፍ ግን አላጭበረበረም። ከአራት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ከግጥሚያው በፊት በኢንፍሉዌንዛ ታሞ እንደነበርም ታወቀ። ገዳዩ ቡጢ የትኛው እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል፤ ብዙዎች ግን ጣታቸውን የሚቀስሩት በካርኔራ ላይ ሳይሆን ከወራት በፊት «ቻለው» በተባለው በቤር ቡጢ ላይ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንደ ድንጋይ የተገጠመ አይደለም፤ ለስላሳ ነው፣ በፈሳሽ ተከቦ ነው ያለው። ቡጢ አገጭን ከጎን ሲመታ ጭንቅላት በፍጥነት ይዞራል። አገጭ ከአንገት ርቆ ስለሚገኝ እንደ በር እጀታ ነው፤ በሩን ከማጠፊያው አጠገብ ከመግፋት እጀታውን ይዞ መግፋት ይቀላል። ቅሉ ሲዞር አንጎሉ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ይጠማዘዛል፣ ክሮቹ ይሳሳባሉ። ራስን መሳት የሚመጣው ከዚህ ነው። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን የፍራንክ ብሩኖን ቡጢ በመሣሪያ ለኩ። እጁ በሰከንድ 8.9 ሜትር ይወረወር ነበር፤ ሲያርፍ የነበረው ኃይል ከ400 ኪሎ ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። ጓንቱ ይህን አያጠፋም። ጓንት በዋናነት የሚጠብቀው የመቺውን ጣቶች ነው፤ እጁ ስለማይሰበርም የተመቺውን ጭንቅላት ደጋግሞ መምታት ይችላል።

ስለዚህ «የብረት አገጭ» የሚባል አጥንት የለም። ቡጢ ቻለ የሚባለው ሰው ወይ አንገቱ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ጭንቅላቱ ቶሎ አይዞርም። ወይ ቡጢውን ሲመጣ ያየዋል፤ አንገቱን አጥብቆ ይጠብቀዋል ወይም ከቡጢው ጋር አብሮ ይሸሻል። አብዛኛው ዝረራ የሚመጣው ከከባዱ ቡጢ ሳይሆን ካልታየው ቡጢ ነው። አለዚያም ሰውየው እንደማንኛችንም ተጎድቷል፣ ግን እልሁ አያስተኛውም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የበለጠ የሚጨበጨብለት ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። ኒውጀርሲ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ብዙ ቡጢ የጠጡ ቦክሰኞች ከዓመታት በኋላ እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገዱ፣ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ንግግራቸው እንደሚጎተት ገልጿል። ከካርኔራና ከሉዊስ ግጥሚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ዲናችን የሚነካው ነገር አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲጋደል እንኳ ፊትን ከመምታት እንዲርቅ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤም በ1987 (1408 ሂጅራ) መካ ላይ ባደረገው 10ኛ ስብሰባው፣ ተጋጣሚዎች አካላቸውን መጎዳዳትን እንደተፈቀደ የሚቆጥሩበት የቦክስ ውድድር አይፈቀድም ብሎ ወስኗል። ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን ትተን ወደ ታሪኩ እንመለስ።

ጆ ሉዊስ ካርኔራን ከጣለ ከአንድ ዓመት በኋላ ራሱ ተጣለ። ጁን 19፣ 1936 ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ገጠመው። ሽሜሊንግ የሉዊስን ግጥሚያዎች አስቀድሞ አጥንቶ አንድ ክፍተት አግኝቷል፦ ሉዊስ በግራ ከመታ በኋላ እጁን ዝቅ ያደርጋል። በዚያ ክፍተት ቀኙን ላከ። በ4ኛው ዙር ሉዊስ ወደቀ። ከዚያ እስከ 12ኛው ዙር፣ ስምንት ዙር ሙሉ፣ በደመነፍስ ተፋለመ፤ መጨረሻ ተዘረረ። ጊዜው ለጥቁር ህዝብ የጨለመ ነበር፤ አዲስ አበባ ከወር ተኩል በፊት በጣሊያን እጅ ወድቃለች፣ ከ11 ቀን በኋላ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም አቤት አሉ፣ ሰሚ አላገኙም።

ሉዊስ ተመለሰ። በ1937 ሻምፒዮን ሆነ፤ ያን ዘውድ ያገኘበት ግጥሚያ ላይ እንኳ ብራዶክ በመጀመሪያው ዙር ጥሎታል። በ1938 ሽሜሊንግን እንደገና አግኝቶ በመጀመሪያው ዙር፣ ሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ውስጥ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ጋሌንቶ ጣለው፣ በዲ ቤር ከሪንግ አስወጣው፣ ዎልኮት ሁለት ጊዜ ጣለው፤ ሁሉንም ተነስቶ አሸነፈ። ዘውዱን 25 ጊዜ አስጠብቆ 11 ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ያዘው፤ በዚህ የሚስተካከለው ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የለም። እንግዲህ የሉዊስ አገጭ ከሁሉም የጠነከረ አልነበረም። ጥበቡ ሲጎዳ ጊዜ መግዛት፣ መጠበቅና መጨረስ ነበር። ችግሩ ካቆመ በኋላ መመለሱ ነው፤ የመንግሥት ግብር ዕዳ አስገድዶት። ኦክቶበር 26፣ 1951፣ በ37 ዓመቱ፣ ሮኪ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር በገመዶቹ መካከል ጣለው። በ1970 የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ገባ፤ የመጨረሻ ዓመታቱን በተሽከርካሪ ወንበር አሳልፎ በ1981 ሞተ። የሉዊስ ሕመም ብዙ መንስኤ ነበረው፤ ሁሉንም በቡጢ አናላክክም።

ስለ ፍሎይድ ፓተርሰንም ሳንናገር አንለፍ። «ደካማ አገጭ» ከተባሉት ሻምፒዮኖች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። በ1959 ዮሃንሰን በአንድ ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ጣለው። በዓመቱ ተመልሶ ዮሃንሰንን ዘርሮ ዘውዱን አስመለሰ፤ ከዚያ በፊት የከባድ ሚዛን ዘውድ ያስመለሰ ሰው አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ የኒውዮርክ ስፖርት ኮሚሽን ኃላፊ ሳለ ለጥያቄ ቀርቦ በዘመኑ ያጋጠማቸውን ሰዎች ስም ማስታወስ አቃተው፤ ሥራውንም ለቀቀ።

አሁን ወደ ሙሐመድ ዐሊ፣ አላህ ይዘንለት።

ብዙ ወጣቶች የማያውቁት ነገር የመጀመሪያው ዐሊ ቡጢ «ቻይ» አለመሆኑ ነው። መቻል አላስፈለገውም። ከ1964 እስከ 1967 ባለው ጊዜ እግሩ ፈጣን፣ ዓይኑ ንቁ ስለነበር ቡጢ አያገኘውም ነበር። አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ ቡጢው በሁለት ጣት ልዩነት ሲያልፍ በቪዲዮ ማየት ይቻላል። በኤፕሪል 1967 ወደ ቬትናም ጦርነት አልሄድም ብሎ ዘውዱን ተነጠቀ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሪንግ ተከለከለ። ለእምነቱ ሲል የከፈለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይነገራል። በአካሉ የከፈለው ግን አይነገርም፦ በ1970 ሲመለስ እግሩ እንደ ድሮው አልነበረም። ያኔ ቡጢ እየደረሰበት መጣ፤ እሱም መቻል እንደሚችል አወቀ። በእኛ እይታ በሪንግ ሕይወቱ ካጋጠመው ሁሉ ክፉው ይህ ዕውቀት ነው።

ማርች 8፣ 1971 ጆ ፍሬዘር በ15ኛው ዙር በግራ ሁክ ጣለው፤ መንጋጋው አበጠ፣ ግን ቁጥሩ አራት ሳይደርስ ተነሳ። በ1973 ኬን ኖርተን መንጋጋውን ሰበረው፤ ዐሊ በተሰበረ መንጋጋ 12ቱን ዙር ጨረሰ። ከዚያ ኪንሻሳ መጣ። ወታደሮቿ በ1941 እስከ አሶሳ የዘመቱላት ያቺው ኮንጎ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ዛየር፣ ኦክቶበር 30፣ 1974 ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ የዓለም ዓይን አረፈባት። ጆርጅ ፎርማን 40 ተጋጥሞ 40 ያሸነፈ፣ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ የጣለ ሰው ነበር። ዐሊ ከ2ኛው ዙር ጀምሮ ገመድ ላይ ተደግፎ «ምታኝ» አለው። ፎርማን መታ፤ ሆዱን፣ ክንዱን፣ ጎኑን። ዐሊ ጭንቅላቱን በእጁ ሸፍኖ ሌላውን ቻለ። በ8ኛው ዙር ፎርማን ክንዱ ዝሎ ወደቀ።

ድሉን ሁሉም ያውቃል። ከድሉ ጀርባ ያለው ልምምድ ነው የማይነገረው። ዐሊ ለዚህ ዘዴ ሲዘጋጅ በልምምድ ቦታ ገመድ ላይ ተደግፎ አብረውት የሚለማመዱት ቦክሰኞች እንዲመቱት ያደርግ ነበር። ታዳሚ የለም፣ ዘውድ የለም፣ ግን ቡጢው እውነተኛ ነው። በ61 ግጥሚያዎቹ የተቀበለውን ቡጢ በቪዲዮ የሚቆጥር አለ። በልምምድ የተቀበለውን ማን ይቁጠረው?

በዓመቱ፣ ኦክቶበር 1፣ 1975፣ ማኒላ። ከፍሬዘር ጋር 14 ዙር፣ በሚያቃጥል ሙቀት። የፍሬዘር ዓይን ተደፈነ፤ አሰልጣኙ ኤዲ ፈች ልጁን ለ15ኛው ዙር እንዳይወጣ ከለከለው። ዐሊ አሸነፈ፣ ነገር ግን ከሞት ጋር ፊት ለፊት የተያዩ ያህል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ፍሬዘር በፈች ላይ ተቆጥቶ ነበር፤ እኛ ግን ከዚህ ታሪክ ሁሉ አንድ ሰው ምረጡ ብንባል ሻምፒዮኖቹን ትተን ኤዲ ፈችን እንመርጣለን። ቤር አጠገብ፣ ሻፍ አጠገብ፣ ኋላም ዐሊ አጠገብ እንዲህ ያለ ሰው በጊዜው አልተገኘም።

ሴፕቴምበር 29፣ 1977 ኧርኒ ሼቨርስ ገጠመው። ከሼቨርስ የበለጠ ቀኝ እጅ በዚያ ዘመን አልነበረም ይባላል። ዐሊ በ2ኛው ዙር ክፉኛ ተጎዳ፤ ግን ፊቱን እያጣመመ፣ የተጎዳ አስመስሎ ስላሾፈ ሼቨርስ እውነቱን መለየት አቅቶት ሸሸ። 15ቱን ዙር ጨርሶ አሸነፈ። የዐሊ ሐኪም ፈርዲ ፓቼኮ ከዚህ በኋላ ኩላሊቱ መጎዳቱን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ለዐሊም ለቅርብ ሰዎቹም ላከ፣ እንዲያቆምም መከረ። መልስ አላገኘም፤ ትቶት ሄደ። የማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ግጥሚያ አዘጋጅ ቴዲ ብሬነርም ዐሊን ከእንግዲህ አላጋጥመውም አለ።

በጁላይ 1980፣ ዐሊ 38 ዓመት ሞልቶት ላሪ ሆልምስን ሊገጥም ሲል፣ ሜዮ ክሊኒክ መረመረው። ሪፖርቱ በአንድ እግሩ መዝለልና ጣቱን በትክክል አፍንጫው ላይ ማሳረፍ እንዳስቸገረው መዝግቧል። የኔቫዳ ግዛት ፈቃድ ግን ተሰጠው። ኦክቶበር 2 ላይ ሆልምስ፣ የድሮ የልምምድ ጓደኛው፣ አስር ዙር መታው። ዐሊ ምንም አልመለሰም፣ ግን አልወደቀም። አሰልጣኙ አንጄሎ ደንዲ አስቆመው፤ በሕይወቱ ሙሉ ግጥሚያው ከመጨረሻው ዙር በፊት የተቋረጠበት ያን ቀን ብቻ ነው። ሆልምስ አሸንፎ አለቀሰ።

ይህም አልበቃም። ዲሴምበር 11፣ 1981 ባሃማስ ውስጥ ትሬቨር በርቢክ ከሚባል ጃማይካዊ ጋር ተጋጠመ። ዝግጅቱ የተዝረከረከ ነበር፤ የሪንግ ደወል ስላልተገኘ የከብት ደወል ተጠቀሙ። ዐሊ አስሩን ዙር በእግሩ ቆሞ ጨረሰ፣ በነጥብ ተሸነፈ፣ በቃኝም አለ። በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረ። ቡጢው ምን ያህል እንዳመጣበት ሐኪሞች እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። እስከ ጁን 2016 ድረስ 32 ዓመት ከበሽታው ጋር ኖረ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ዓለም የሚያውቀው ያ አንደበቱ ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር።